ጠፍጣፋ ጣሪያ ላይ የሚተኛ ውሃ፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

ኮርኒስ ላይ ቢጫ እድፍ ብቅ ሲል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ካትራሜ ገዝቶ አሮጌው ላይ መደረብ ነው። ለአንድ የዝናብ ወቅት ይይዝ ይሆናል። ውሃው ግን እዚያው መተኛቱን ስለማይተው ውሎ አድሮ ሌላ ቀዳዳ ያገኛል። ስለዚህ ከማሸጉ በፊት ውሃው ለምን አልሄደም ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። «ጠፍጣፋ» የምንለው ጣሪያም ቢሆን በየሜትሩ ቢያንስ 1 ሳ.ሜ.፣ ሲሠራ ጀምሮ ከታሰበበት ደግሞ 2 ሳ.ሜ. ወደ መውጫው ማዘንበል አለበት።

ክብደቱም ቀላል አይደለም። 1 ሚ.ሜ. ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ላይ ሲያርፍ 1 ሊትር ይሆናል። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 5 ሳ.ሜ. ውሃ ከቆመ ሶሌታው (የጣሪያው የኮንክሪት ንጣፍ) የተሸከመው 5 ቶን ነው። በዚህ ክብደት ትንሽ ሲረግብ ጉድጓዱ ይሰፋል፤ ሲሰፋ ብዙ ውሃ ይይዛል፤ ብዙ ሲይዝ ደግሞ ይበልጥ ይረግባል።

ምልክት፦ ዝናቡ ካባራ ከ48 ሰዓት በኋላም ውሃ አለ

ውሃው ሳይደርቅ ዙሪያውን በጠመኔ አስምሩ፤ ጥልቀቱንም በማስመሪያ ለኩ። ደርቆ ከሆነ አቧራው የተወውን ቀለበት ተከተሉ፤ የኩሬውን ዳርቻ በትክክል ያሳያችኋል። ቀጥሎ አንድ ባልዲ ውሃ መውጫው አፍ ላይ አፍስሱ። ወዲያው ከጠጣው ቱቦው ደህና ነው፤ ጥፋቱ ያለው ገጹ ላይ ነው።

ኩሬው አፉን ከቦ ከተኛ የአፉ ከንፈር ከዙሪያው ከፍ ብሏል ማለት ነው። ይህ የሚመጣው በጣም ተራ በሆነ ምክንያት ነው፤ ቱቦው ከሶሌታው ጋር እኩል ይቆረጣል፣ ከዚያ 4 ሚ.ሜ. ውፍረት ያለው ሜምብሬን (ውሃ የማያሳልፍ ሽፋን) አፉ ዙሪያ ሦስት ጊዜ ይደራረባል። 12 ሚ.ሜ. ከፍታ ተፈጠረ። በየሜትሩ 1 ሳ.ሜ. ብቻ በሚያዘነብል ጣሪያ ላይ ይህች ከንፈር ብቻዋን ውሃውን እስከ 1.2 ሜትር ወደኋላ ታስተኛለች። መፍትሄው አፉን ዝቅ ማድረግ ነው፤ አሠራሩን ስለ መውጫው ፍሳሽ ስንደርስ እንገልጻለን።

ኩሬው ከአፉ ርቆ መሃል ላይ ከተኛ ግን ወደ ኮለኖቹ (ምሰሶዎቹ) ተመልከቱ። መውረጃ ቱቦ ለመደበቅ ስለሚመች አፉ አብዛኛውን ጊዜ ኮለን ጥግ ይደረጋል። ሶሌታ ደግሞ የሚረግበው በኮለኖች መካከል እንጂ ኮለኑ ላይ አይደለም። ስለዚህ መውጫው ጣሪያው በጭራሽ በማይወርድበት ቦታ ተቀምጧል፤ ይህን የመሰለ ጣሪያ ላይ የቱንም ያህል ሜምብሬን ቢደረብ ውሃው አይንቀሳቀስም። ልዩነቱን ለማወቅ 10 ሜትር ግልጽ ጎማ ውሃ ሙሉ፤ ውስጡ የአየር አረፋ እንዳይቀር ተጠንቀቁ። አንዱን ጫፍ አፉ ላይ፣ ሌላውን ኩሬው መሃል አቁማችሁ በሁለቱም ጫፍ ጎማው ውስጥ ያለው ውሃ ከጣሪያው ገጽ ስንት ሳ.ሜ. ከፍ እንዳለ ለክታችሁ አነጻጽሩ።

ጉድጓዱ እስከ 2 ሳ.ሜ. ከሆነ ሜምብሬኑን አንስቶ ለቀጭን ጥገና በተዘጋጀ፣ ማጣበቂያ በተቀላቀለበት ሲሚንቶ መሙላት ይበቃል። ተራ ሊሾ (የሲሚንቶና የአሸዋ ንጣፍ) ከ2.5 ሳ.ሜ. ሲቀጥን ይሰነጠቅና ይለቃል፤ ለዚህ አትጠቀሙበት። ጉድጓዱ ከ2 ሳ.ሜ. በላይ ከጠለቀ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ውሃው በራሱ የመረጠው ዝቅተኛ ቦታ ላይ አዲስ መውጫ መክፈት ነው። ከመበሳት በፊት ብረቱና ቢሙ (አግዳሚ ተሸካሚው) የት እንዳሉ በመሐንዲስ መረጋገጥ አለበት። ሁለተኛው ማዘንበያውን እንደገና መሥራት ነው። እዚህ ላይ ሒሳቡን ሥሩ፦ 1 ሳ.ሜ. ሊሾ በካሬ ሜትር ወደ 20 ኪ.ግ. ይመዝናል። ከአፉ 5 ሜትር ርቆ በሜትር 2 ሳ.ሜ. ለማዘንበል ጫፉ ላይ 10 ሳ.ሜ. መጨመር ያስፈልጋል፤ አማካዩ 5 ሳ.ሜ. ስለሆነ በካሬ ሜትር 100 ኪ.ግ. አዲስ ጭነት ይሆናል። ለረገበ ሶሌታ ይህ ከባድ ነው። ተዳፋት ሆኖ የተቆረጠ ጠንካራ የፎም ሰሌዳ አንጥፎ ሜምብሬኑን በላዩ መሥራት የተሻለ ነው።

ምልክት፦ በቀላል ዝናብ ይሄዳል፣ በኃይለኛ ዝናብ ሐይቅ ይሆናል

በሰዓት 100 ሚ.ሜ. በሚወርድ ዝናብ 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ በሴኮንድ 2.8 ሊትር ያመጣል። ይህን ያህል ውሃ ቀጥ ብሎ ለቆመ ባለ 110 ሚ.ሜ. ቱቦ አይከብድም። የሚያስቸግረው አፉ ነው። ከወለሉ ጋር እኩል የሆነ ወንፊት ካለበት ጥቂት እርጥብ ቅጠል ወይም አንድ ፌስታል ሙሉ በሙሉ ይደፍነዋል። በምትኩ ጉልላት የመሰለ፣ ከወለሉ ቢያንስ 10 ሳ.ሜ. ከፍ የሚል ማጥለያ አድርጉ፤ ግርጌው ቢደፈን እንኳ ከላይ ይጠጣል። አፉን ከዙሪያው ዝቅ ማድረግም እዚህ ይጠቅማል። አፉ ላይ ያለው የውሃ ከፍታ እጥፍ ሲሆን የሚገባው መጠን እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ ወደ 2.8 ጊዜ ያድጋል።

ማጥለያው ንጹህ ሆኖ አፉ ላይ አየር ቡልቅ ቡልቅ እያለ ውሃው ከዘገየ የተደፈነው ቱቦው ነው፤ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ጎሚቶ (የቱቦ መታጠፊያ) ላይ። የ90 ዲግሪውን ጎሚቶ አውጥታችሁ በሁለት ባለ 45 ዲግሪ ጎሚቶ ተኩት፤ ከጎኑም መክፈቻ ክዳን አድርጉበት። የዝናብ ውሃ ከመጸዳጃ መስመር ጋር ከተገናኘ ደግሞ ለዩት። ዋናው መስመር ሲሞላ ዝናቡ ወደ ቤት ይመለሳል፤ በደረቅ ጊዜም ሽታው በዚያው አፍ ይወጣል።

ምልክት፦ መውጫው አጠገብ ኮርኒሱ ይረጥባል

ሜምብሬኑ ነው ወይስ ቱቦው? የመለያ ፈተናው ቀላል ነው። ዝናብ በማይጠበቅበት ቀን ቱቦውን ከሜምብሬኑ ጫፍ በታች በሚነፋ ፊኛ ድፈኑ፤ አፉ ዙሪያ ግድብ ሠርታችሁ 3 ሳ.ሜ. ውሃ ለ24 ሰዓት አቁሙ። ውሃው ቆሞ እያለ ከታች ካንጠባጠበ ጥፋቱ ሜምብሬኑ ወይም የአፉ መጋጠሚያ ነው። ፊኛው ወጥቶ ውሃው ሲወርድ ብቻ ካንጠባጠበ ደግሞ የሚያፈሰው ከታች ያለው የቱቦ መጋጠሚያ ነው። እድፉ ያለበት ቦታ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ውሃ በሜምብሬንና በሶሌታ መካከል ሜትሮች ተጉዞ ሊወርድ ይችላል።

አፉ ዙሪያ የሚቀባ ሲሊኮን የማይቆየው ፒቪሲ በሙቀት የሚለጠጠው ከኮንክሪት በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ ነው። በየቀኑ ፀሐይና ብርድ ሲፈራረቁ መጋጠሚያው ይሳሳባል፣ በመጨረሻም ይላቀቃል። ሜምብሬኑን በእሳት ፒቪሲው ላይ ማጣበቅም አይሆንም፤ ፒቪሲ ወደ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይለሰልሳል። ሰፊ ከንፈር ያለው የብረት ወይም የጎማ መውጫ ያስፈልጋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አፉን ማዕከል አድርጋችሁ 50 በ50 ሳ.ሜ. ስፋት ሜምብሬኑንና ሊሾውን እስከ ሶሌታው አንሱ። አዲሱ መውጫ ከዙሪያው 2 እስከ 3 ሳ.ሜ. ዝቅ ብሎ እንዲያርፍ አስተካክሉ፤ ሊሾው ቀጭን ሆኖ ይህ የማይገኝ ከሆነ ብረት እስኪታይ ሶሌታውን አትቆርቁሩ፣ በዙሪያው ያለውን ሊሾ ከፍ አድርጉ። የመውጫው አንገት በጎማ ቀለበት ታሽጎ ቱቦው ውስጥ ቢያንስ 10 ሳ.ሜ. ይግባ። ፕራይመር (ሜምብሬኑ እንዲይዝ ቀድሞ የሚቀባ ቅብ) ቀብታችሁ እስኪደርቅ ጠብቁ፤ 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ ማጠናከሪያ ሜምብሬን አንጥፉ፣ ከንፈሩን በላዩ አሳርፉ፣ ከዚያ ዋናውን ሜምብሬን ደርቡ፤ ከንፈሩ በሁለቱ መካከል ተጨምቆ ይቀራል። መደራረቢያው በጎን 10፣ በጫፍ 15 ሳ.ሜ. ይሁን፤ ሁልጊዜም ከላይ በኩል ያለው ታች ያለውን ይሸፍን። ተገላቢጦሽ ከሆነ ውሃው በቀጥታ ስፌቱ ውስጥ ይገባል። ሥራው ሲያልቅ የ24 ሰዓቱን ፈተና ድገሙ።

ምልክት፦ ግድግዳው ከፓራፔቱ (ጣሪያውን ከከበበው አጭር ግድግዳ) ግርጌ ይረጥባል

ሜምብሬኑ ግድግዳው ላይ ከተጠናቀቀው ወለል 15 ሳ.ሜ. መውጣት አለበት፤ ጫፉም ግድግዳው ላይ በተቆፈረ ጭረት ገብቶ በብረት ቁራጭ ይታሰር። ጥጉ ላይ 5 በ5 ሳ.ሜ. የሆነ ሰያፍ የሲሚንቶ ሙሌት ካልተሠራ ሜምብሬኑ 90 ዲግሪ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል።

የትርፍ ውሃ መውጫ ከሌለ

ይህን ጉድለት በምልክት አትጠብቁት፤ ምልክቱ የጣሪያው መደርመስ ሊሆን ይችላል። አንድ መውጫ ብቻ ያለው በፓራፔት የታጠረ ጣሪያ በረዶ በዘነበ ቀን ገንዳ ይሆናል። ፓራፔቱ ላይ፣ ግርጌው ከጣሪያው ዝቅተኛ ቦታ 5 ሳ.ሜ. ከፍ ያለ፣ ስፋቱ ከዋናው አፍ ያላነሰ ቀዳዳ ክፈቱ። ቱቦው ከግድግዳው ወጣ ብሎ ሰው በሚያየው በኩል ይፍሰስ። ከዚያ ውሃ ሲወርድ ዋናው አፍ እንደተደፈነ ሁሉም ያውቃል።

ጣሪያው አሁን ሞልቶ ከሆነ መብረቅ እስኪያቆም ጠብቁ። ከዚያ ጎማ በውሃ ሞልታችሁ ሁለቱንም ጫፍ በአውራ ጣት ያዙ፤ አንዱን ጫፍ ኩሬው ውስጥ አስጥማችሁ ሌላውን በፓራፔቱ አሻግራችሁ ከጣሪያው ወለል በታች ልቀቁት፤ ራሱ ስቦ ያወርዳል። የተደፈነውን አፍ ጫፉ በታጠፈ ረጅም ዘንግ ክፈቱ እንጂ እጃችሁን አታስገቡ፤ ድፍኑ ሲለቅ ውሃው እጅን በኃይል ይስባል።