አሮጌውን ዊንዶውስ ለማሻሻል ከመክፈላችሁ በፊት

"ኮምፒውተሩ እየሠራ ነው፣ ለምን ገንዘብ እናወጣለን?" የሚል የድርጅት ባለቤት ብዙ ነው። ጥያቄው ግን ይሠራል ወይ ሳይሆን የደኅንነት ማሻሻያ ይደርሰዋል ወይ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ ዓለምን ሲያምስ መከላከያ የሚሆነው ማሻሻያ ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር፤ የተጎዱት ያልጫኑት ናቸው።

መጀመሪያ ማሽኖቻችሁን መዝግቡ። የትኛው በምን ሲስተም ይሠራል? የደንበኛ መረጃ ወይም ሒሳብ የያዘውስ የቱ ነው? ቲፒኤም 2.0 (የደኅንነት ቺፕ)፣ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና ተቀባይነት ያለው ፕሮሰሰር ካለው ዊንዶውስ 10 ወደ 11 የሚያድገው በነጻ ነው፣ ስለዚህ ባክአፕ ያዙና ዛሬውኑ ጀምሩ።

ራስ የሚያዞረው የማያድገው ማሽን ነው። ማይክሮሶፍት ለድርጅቶች የተራዘመ ማሻሻያ ይሸጣል፤ ለአንድ ኮምፒውተር የመጀመሪያው ዓመት 61 ዶላር ሲሆን በየዓመቱ እጥፍ እየሆነ ይሄዳል፣ ከ3 ዓመትም አያልፍም። ሦስቱንም ከከፈላችሁ 427 ዶላር ወጣ ማለት ነው! ለአሮጌ ማሽን ይህን ያህል ማውጣት በፍጹም አያዋጣም። የአንዱን ዓመት ብቻ ግዙና በዚያ ጊዜ ውስጥ ማሽኑን ቀይሩት።

አንድ የፋብሪካ መሣሪያ በአሮጌ ሲስተም ብቻ የሚሠራ ከሆነ አትነካኩት፤ ከኢንተርኔትና ከቢሮው ኔትወርክ ግን ለዩት። ሌሎቹን በአንዴ አትቀይሩ። በአንዱ ላይ የሒሳብ ሶፍትዌሩንና ፕሪንተሩን ሞክሩ፣ ከሠራ ቀጥሉ።