በጦርነቱ ጊዜ የጠፋ የአያት ቤት የት ነበር?

ብዙ የአዲስ አበባ ቤተሰብ «ቤታችን የካቲት 12 ተቃጠለ» ይላል፣ ቦታውን ግን የሚያሳይ የለም። መንገዱም ሰፈሩም ተቀይሯል። የሚሠራው ዘዴ ይኸው። ከጣሊያን ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933) የተነሣ የከተማ ካርታ ፈልጉ። በጉግል ኧርዝ ፕሮ አሁን ካለው የሳተላይት ምስል ላይ ደርቡትና ደብዘዝ አድርጉት። ሲደረብ በመንገድ አትመሩ፣ ከጦርነቱ በፊት ተሠርተው ዛሬም በቆሙት ሕንፃዎች ነው የምታስተካክሉት፤ አራዳ ጊዮርጊስ፣ በዓታ፣ የለገሃር ባቡር ጣቢያ። ሦስቱ ከገጠሙ መካከላቸው ያለው ሰፈር በአብዛኛው ይገጥማል። ከዚያ አያት «ከወንዙ ማዶ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች» ያሉት ነገር ትርጉም ይሰጣል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ዓመት ላይ ነው! የጣሊያን ሰነድ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ አንዳንዴም በሮማ ቁጥር የፋሺስት ዘመን (ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ጊዜ ጀምሮ የሚቆጠር ዓመት) ይጨመርበታል። የካቲት 12 ቀን 1929 በእነሱ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1937፣ የፋሺስት ዘመኑም 15ኛው (XV) ነው። የእኛን ዓመት ብቻ ይዛችሁ ብትፈልጉ መዝገቡ አጠገባችሁ ሆኖ ያልፋችኋል። የሰፈር ስምም በጣሊያንኛው ፈልጉ፤ ካዛንቺስ ራሱ ከጣሊያን የመንግሥት ሠራተኞች ቤቶች ስም የመጣ ነው።

አንድ ነገር፦ ይህን ለይዞታ ክርክር ወይም ለወሰን አትጠቀሙበት። ወረቀት ይሸበሸባል፣ ስካን ሲደረግም ይጣመማል፣ በብዙ ሜትር ሊስት ይችላል። ሰፈሩን ለማግኘት ግን ይበቃል።