ርካሽ ሆስቴል ስትፈልጉ የአልጋውን ዋጋ ብቻ አትዩ

መጀመሪያ ሆስቴል (ክፍሉን ከሌሎች መንገደኞች ጋር ተጋርተህ ለአልጋህ ብቻ የምትከፍልበት ማደሪያ) የያዝኩ ጊዜ ብዙ አልተጨነቅኩም። አፑን ከፈትኩ፣ «ከርካሽ ወደ ውድ» የሚለውን ነካሁ፣ ከላይ የመጣውን ያዝኩ። በቃ። አራት ሌሊት፣ ባለ 16 አልጋ ክፍል፣ ከመሀል ከተማ «በባቡር 25 ደቂቃ»። ጎበዝ ነኝ ብዬ ነበር። ስደርስ አንሶላ ለብቻው ይከፈላል ተባልኩ። ፎጣም እንደዚያው። ሎከር አለ፣ ጓጉንቸሩን ግን ከእነሱ ነው የምትገዛው፣ ያውም ሱቅ ከሚሸጥበት እጥፍ። ባቡሩ 25 ደቂቃ መፍጀቱ እውነት ነው፤ የመጨረሻው ባቡር ከእኩለ ሌሊት በፊት እንደሚያልፍ ግን የነገረኝ የለም፣ እኔም አልጠየቅኩም፣ ሁለቱን ሌሊት በታክሲ ገባሁ። ስደምረው፣ ውድ ነው ብዬ ያለፍኩት መሀል ከተማ ያለው ሆስቴል ይረክስ ነበር። ቁርስም ነበረው።

ከዚያ ወዲህ አልጋን ከአልጋ አላወዳድርም። አንዷ ሌሊት ጠቅላላ ስንት ታስወጣኛለች የሚለውን ነው የማየው። ስልኬ ላይ ለሦስት ሆስቴሎች ብቻ እጽፋለሁ፦ አልጋው፣ ግብሩ፣ አንሶላና ፎጣው፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱ፣ ቁርስና ወጥ ቤት መኖር አለመኖሩ። ወጥ ቤቱን አትናቁት። ሳምንት የሚቆይ ሰው ከአልጋው ዋጋ ከሚቆጥበው ይልቅ ራሱ አብስሎ በመብላት የሚቆጥበው ይበልጣል። ግን «ወጥ ቤት አለን» ሲሉ አንዳንዴ አንድ ማይክሮዌቭና አንድ ማንቆርቆሪያ ማለታቸው ነው። ፎቶው ላይ ምድጃ ካልታየ የለም ብላችሁ አስቡ።

ግብሩ ደግሞ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር ነው። ብዙ ትልልቅ ከተሞች የቱሪስት ግብር አላቸው። አምስተርዳም ውስጥ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ የመኝታው ዋጋ 12.5 በመቶ ነው። ሌሎች ከተሞች በመቶኛ ሳይሆን በሰው በሌሊት ቁርጥ ሂሳብ ይቀበላሉ፤ ይሄ ደግሞ ርካሽ አልጋ ላይ ነው የሚከብደው፣ ምክንያቱም ባለ አምስት ኮከብ ሆቴል ላይ የማይታይ ገንዘብ ዶርም (ብዙ ሰው የሚጋራው ክፍል) ላይ የዋጋውን ሩብ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ የምታዩት ዋጋ ላይ ግብሩ ሁልጊዜ አይካተትም። ከመክፈላችሁ በፊት የሚመጣውን የመጨረሻ ገጽ እስከ ታች አንብቡት። «ሲደርሱ የሚከፈል» የምትለዋ መስመር እዚያ ጥግ ላይ በትንሽ ፊደል አለች።

የት ነው የሚፈለገው? ሆስቴልወርልድና ቡኪንግ ዶት ኮም ለመነሻ ይበቃሉ። ሆስቴልወርልድ ስሙ እንደሚለው ሆስቴል ላይ ያተኩራል፤ ቡኪንግ ላይ ሆቴሉም የእንግዳ ማረፊያውም አብሮ ይመጣል፣ ስለዚህ ማጣሪያው ላይ «ሆስቴል» የሚለውን ምረጡ። ሁለት ሦስት ከለያችሁ በኋላ የሆስቴሉን የራሱን ድረ ገጽ ክፈቱ። አፖቹ በእነሱ በኩል ከተያዘ ከእያንዳንዱ አልጋ ላይ ኮሚሽን ይቆርጣሉ፣ ባለቤቱም ይሄን ስለሚያውቅ በቀጥታ ለሚመጣ ሰው ትንሽ ቅናሽ ወይ ነፃ ቁርስ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ሁልጊዜ አይደለም፤ ግን ማየት ነፃ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ አስተያየት አነባበብ። አጠቃላይ ነጥቡ ብዙም አይነግራችሁም። ሆስቴልወርልድና ቡኪንግ ላይ ከ10 ነው፣ ጉግል ላይ ከ5። ሁለቱ አፖች ላይ የሚጽፈው በእነሱ በኩል የያዘ ሰው ነው፤ ጉግል ላይ ግን በበሩ ያላለፈም መጻፍ ይችላል። እኔ ነጥቡን ትቼ «በጣም አዲስ» በሚለው ደርድሬ ከመጥፎዎቹ እጀምራለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት የተጻፈ ሙገሳ ምን ያደርግልኛል? ባለቤቱ ተቀይሮ ይሆናል፣ ፍራሹ አርጅቶ ይሆናል። ከዚያ መፈለጊያው ላይ ቃል አስገባለሁ፦ ትኋን፣ ስርቆት፣ ሙቅ ውሃ፣ ጫጫታ። አንድ ሰው «አጠገቤ የተኛው ሲያንኮራፋ አደረ» ብሎ አንድ ኮከብ ቢሰጥ ጥፋቱ የሆስቴሉ አይደለም። ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ ወር ውስጥ «ሻወሩ ይደፈናል» ካሉ ግን ሻወሩ ይደፈናል። ባለቤቱ የሚመልሰውንም አንብቡ። «ይቅርታ፣ ክፍሉን ዘግተን አስጸዳን» የሚልና ከእንግዳው ጋር የሚሰዳደብ አንድ አይደሉም። ከፎቶ ደግሞ እንግዶች ያነሱትን ነው የማምነው፤ ባለቤቱ የለጠፈው ክፍሉ በተከፈተበት ቀን የተነሳ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር። «ድባቡ ደስ ይላል» ተብሎ የተሞገሰ ቦታ ሁሉ እንቅልፍ የሚተኛበት አይደለም። ምድር ቤቱ ባር ከሆነ ድባቡ እስከ ንጋት ነው። ለዚያ ከሆነ የመጣችሁት ደስ ይበላችሁ፣ ጠዋት ስብሰባ ወይ ፈተና ያለበት ሰው ግን ይራቅ። ሌላው ደግሞ የቤት ኪራይ በተወደደባቸው ከተሞች አንዳንድ ሆስቴሎች በወር የሚከፍሉ ሠራተኞች መኖሪያ ሆነዋል። በራሱ ክፋት የለውም፣ ሰዎቹም ጨዋ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ግን ፍሪጁ ሞልቷል፣ ሻወሩ ጠዋት ጠዋት ወረፋ አለው፣ እናንተ ደግሞ የሰው ቤት የገባችሁ እንግዳ ትሆናላችሁ። አስተያየቶቹ ውስጥ «ብዙዎቹ እዚያ የሚኖሩ ናቸው» የሚል ካያችሁ ይሄ ነው።

ቦታውን በኪሎ ሜትር አትለኩት። በጣቢያ ለኩት፣ በሰዓትም። ጉግል ማፕ ላይ መንገዱን ስትፈልጉ የመነሻ ሰዓቱን ወደምትመለሱበት ሰዓት ቀይሩት፤ እኩለ ቀን ላይ 25 ደቂቃ የሆነው ሌሊት ላይ ሁለት የሌሊት አውቶቡስና አንድ ሰዓት ተኩል ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ትልቅ ጣቢያ ጎን ያለ ሆስቴል ብዙ ጊዜ ይረክሳል፣ ሰፈሩ ግን ከተማው በገባ በወጣው ሰው የሚታመስበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በጉግል ማፕ የመንገድ እይታ (ስትሪት ቪው) ሆናችሁ ከጣቢያው እስከ በሩ በጣታችሁ «ተራመዱ»። በሩ የት እንደሆነ ማወቅ ብቻውን ሻንጣ እየጎተቱ መዞርን ይቀንሳል።

ሌሊት ለሚደርሱ ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። በረራችሁ ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ በ12ኛው ቀን መጀመሪያ ላይ የሚያርፍ ከሆነ አልጋ መያዝ ያለባችሁ ለ11ኛው ቀን ነው። ለ12 ከያዛችሁ አልጋችሁ የሚሰጣችሁ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ8 ወይም ከ9 ሰዓት ጀምሮ፤ እስከዚያ ሶፋ ላይ ነው። እንግዳ መቀበያው 24 ሰዓት ክፍት መሆኑንም አረጋግጡ። ካልሆነ ቀድማችሁ ጻፉላቸውና የበሩን ኮድ እንዲልኩላችሁ ጠይቁ። መልሱን ደግሞ ስክሪንሾት አንሱት፣ እዚያ በር ላይ ኢንተርኔት አይኖራችሁም።

ቀን መቀየር የምትችሉ ከሆነ ዋጋውን በጣም የሚያወርደው እሱ ነው። ዓርብና ቅዳሜ በብዙ ከተማ ይወደዳል። ትልቅ ፌስቲቫል ካለ ደግሞ አይነሳ፤ ሙኒክ በኦክቶበርፌስት ሰሞን፣ ኤድንብራ በነሐሴ፣ የዶርም አልጋ የሆቴል ክፍል ዋጋ ይጠራል። ስለዚህ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት በዚያ ሳምንት ከተማው ውስጥ ምን እንዳለ ፈልጉ። ቀኑ ከተቆረጠ በነፃ የሚሰረዘውን ቀድማችሁ ያዙ። ከጉዞው ሳምንት በፊት ድጋሚ እዩ። የረከሰ ከተገኘ አዲሱን ይዛችሁ አሮጌውን ሰርዙ፣ በዚህ ቅደም ተከተል ነው እሺ፣ መጀመሪያ ሰርዞ የተቸገረ ሰው አውቃለሁ። ብትሰርዙት ገንዘቡ የማይመለሰው ዋጋ በትንሹ ይቀንሳል፣ ቪዛው ገና ያልወጣለት ሰው ግን አይንካው።

አልጋ በበዛ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል። ግን ከ16 ወደ 8 አልጋ ስትወርዱ የሚጨመረው ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፣ የእንቅልፉ ልዩነት ግን ሰፊ ነው። ለሁለት የምትሄዱ ከሆነ የሁለት አልጋ ዋጋ ደምራችሁ ከአንድ የግል ክፍል ጋር አስተያዩት፣ አንዳንዴ እኩል ይመጣል። ለሴቶች ብቻ የሆነ ዶርም በብዙ ቦታ አለ፣ «ቅይጥ» ከሚለው ትንሽ ሊወደድ ይችላል። የዕድሜ ገደብም አለ፤ ከ18 በታች የማይቀበል አለ፣ ከ35 ወይም ከ40 በላይ ዶርም የማያስገባም አለ። ነገሩ ሲጀመርም የወጣት ነበር፤ ሪቻርድ ሺርማን የሚባል ጀርመናዊ አስተማሪ ተማሪዎቹን በእግር ጉዞ ይዞ ሲሄድ ማደሪያ ቢያጣ ነው ሐሳቡን ያመጣው፣ የመጀመሪያው ቋሚ ሆስቴልም እ.ኤ.አ. በ1912 አልቴና ቤተ መንግሥት ውስጥ ተከፈተ። የዚያ ንቅናቄ ወራሽ የሆነው ሆስቴሊንግ ኢንተርናሽናል ዛሬም ብዙ አገር ውስጥ ቤቶች አሉት። ብዙ ሌሊት በእነሱ ዘንድ የምታድሩ ከሆነ የአባልነት ካርዱ ያዋጣል፣ ለአንድ ሌሊት ግን አትድከሙ።

ሆስቴል ከሞላ ወይ ከተወደደ የዩኒቨርሲቲ ዶርም ሞክሩ። ለንደን ውስጥ ተማሪው ለረጅሙ እረፍት ሲወጣ ዩኒቨርሲቲዎች ክፍሎቻቸውን ለመንገደኛ ያከራያሉ፣ የብቻ ክፍል ማለት ነው። ጃፓን ከሆናችሁ ደግሞ ካፕስዩል ሆቴል አለ። የመጀመሪያው ኦሳካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1979 ነው የተከፈተው። እንደ መሳቢያ ያለች ጠባብ ማደሪያ ናት፤ ዝም ያለ ቦታ ለሚፈልግ ጥሩ፣ ጥበት ለሚያስጨንቀው ግን አይሆንም።

ደረሳችሁ እንበል። ሻንጣችሁን አልጋ ላይ አታስቀምጡ። መጀመሪያ የስልካችሁን መብራት አብሩና የፍራሹን ጠርዝ ስፌት ግለጡት፣ በተለይ ራስጌ በኩል። በእስክሪብቶ ጫፍ የተነካካ የሚመስል ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ትኋን ነው። ራሱ ትኋኑ የምስር ፍሬ ያህላል። ካያችሁ ፎቶ አንሱና ክፍል ይቀየርልኝ በሉ፤ ጎን ያለውን አልጋ ሳይሆን ሌላ ክፍል። ልብሳችሁ ከነካካው በ60 ዲግሪ አሳጥቡት። ንጹሕ ከሆነ ቀጥሎ ሶኬቱን ፈልጉ፣ ከተደራራቢው የታችኛውን ምረጡ፣ ጓጉንቸራችሁን ሎከሩ ላይ ሞክሩት። ጓጉንቸር፣ የጆሮ መድፈኛ፣ ነጠላ ጫማ፣ እነዚህን ሦስት ከቤት ይዛችሁ ውጡ። በካርድ ስትከፍሉ ማሽኑ «በየትኛው ገንዘብ?» ካላችሁ የአገሩን ምረጡ። የራሳችሁን ከመረጣችሁ ምንዛሪውን የሚተምነው ማሽኑ ነው፣ ለእናንተም አያዳላም።

ከተማውን ካላወቃችሁት ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ አትያዙ። ሁለት ሌሊት ይበቃል፣ ከተመቻችሁ ታራዝማላችሁ። ስታራዝሙ መጀመሪያ እንግዳ መቀበያው ላይ ጠይቁ፣ አፑንም እዚያው ቆማችሁ ክፈቱት። አንድ ቀን ሦስት ሌሊት ልጨምር ብዬ ስጠይቅ ልጅቷ ኮምፒውተሯን አየት አድርጋ፣ ወደ ኋላዋ ዞር ብላ ማንም እንደሌለ ካረጋገጠች በኋላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «በስልክህ ያዘው፣ እኔ ጋ ይወደዳል» አለችኝ።