የምኒልክን ብር ከጠገራ ብር፣ እውነተኛውን ከሐሰተኛው መለየት

በሰበታ፣ በሱሉልታ ወይም በለገጣፎ አካባቢ አሮጌ የብር ሳንቲም የሚሰበስብ ሰው የሚፈልገውን ዕቃ የሚያገኘው ከሱቅ ይልቅ ከአንዲት እናት ሳጥን ግርጌ፣ በጨርቅ ተቋጥሮ ወይም ማንጠልጠያ ተበጅቶለት ከአንገት ጌጥ ጋር ተሰክቶ ነው። ከሳንቲሙ ጋር የቤተሰቡ ታሪክ አብሮ ይቀርባል። ታሪኩን በአክብሮት ያዳምጡ፤ ዋጋ ከመነጋገርዎ በፊት ግን አጉሊ መነጽር፣ አንድ አሥረኛ ግራም የሚለይ ትንሽ ሚዛንና የስፌት ክር ይዘው መገኘት አለብዎት።

ብዙውን ጊዜ የሚቀርብልዎ ማርትሬዛ፣ ማለትም ጠገራ ብር ነው። በላዩ 1780 የሚል ዓመት ስላለበት ባለቤቱ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የቆየ ብርቅ ዕቃ የያዘ ይመስለዋል። ምስሏ በላዩ ያለው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ በዚያ ዓመት ካረፈች በኋላ ግን ሳንቲሙ ዓመቱ ሳይለወጥ በቪየና፣ ቆይቶም በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስና በቦምቤይ ጭምር ታትሟል፤ ጣሊያንም ኢትዮጵያን በወረረችበት ዘመን የማተሚያውን ቅርጽ ከኦስትሪያ ተረክባ በሮም አሳትማለች። ስለዚህ 1780 የሚለው ቁጥር ስለ ዕድሜው የሚነግርዎ ነገር የለም። ትክክለኛው ጠገራ 28.07 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከዚህም 23.4 ግራም ያህሉ ንጹሕ ብር ነው። በጠርዙ ዙሪያ «በፍትሕና በምሕረት» የሚል የላቲን ጽሑፍ ከፍ ብሎ ይታያል። የዱሮ ነጋዴ በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን የዕንቁ ነጥቦች ሳይቆጥር አይቀበልም ነበር ይባላል፤ እኔም ይህን ልማድ እስከ ዛሬ አልተውኩትም።

የሰብሳቢ ልብ በይበልጥ የሚያርፈው በፓሪስ በታተመው የዳግማዊ ምኒልክ ብር ላይ ነው። በአንድ ፊቱ ዘውድ የደፋው ንጉሠ ነገሥት፣ በሌላው ዓርማ የያዘ አንበሳ አለ። ክብደቱ ሆን ተብሎ ከጠገራ ብር ጋር እንዲስተካከል የተደረገ ስለሆነ በሚዛን ብቻ ሁለቱን አይለዩም። ግማሹ አላድ፣ ከዚያ የሚያንሰው ሩብ ሲሆን ክብደታቸው 14 እና 7 ግራም ገደማ ነው። ዓመቱ በግእዝ ቁጥርና በእኛው አቆጣጠር የተጻፈ በመሆኑ፣ ፲፰፻፹፱ የሚለውን አንብቦ በፈረንጅ 1889 ነው የሚል ሻጭ ተሳስቷል፤ ይህ 1889 ዓ.ም. በመስከረም 1896 እ.ኤ.አ. የገባው፣ ከዓድዋ ድል በኋላ ያለው ዓመት ነው። ከሁሉም ይበልጥ የሚፈለገው የ1887 ዓ.ም. ብር ነው። ከ1889ኙ የሚለየው በመጨረሻው ቁጥር ብቻ ስለሆነ፣ ላዩ ባለቀ ሳንቲም ላይ ፯ እና ፱ እንዳይምታቱብዎ ሳንቲሙን በጠዋት ብርሃን ወደ ጎን አዘንብለው በመነጽር ይመርምሩ። የአንበሳውን እግርም ይመልከቱ፤ በ1887 እና በ1889 ብር ላይ የፊት ግራ እግሩን፣ በ1892ቱ ላይ ግን ቀኙን አንስቷል። ዓመቱና እግሩ ካልተስማሙ ሳንቲሙን አይግዙ።

ሐሰተኛው ብር አብዛኛውን ጊዜ በቅርጽ ውስጥ ቀልጦ የፈሰሰ ነው፤ ፊደሎቹ ሳሙና የነካቸው ይመስል ጠርዛቸው ይሟሟል፣ ሜዳው ላይ፣ ማለትም ምስልና ጽሑፍ በሌለበት ባዶ ገጹ ላይ፣ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይታያሉ፣ በዙሪያውም የሁለቱ ግማሾች መገጣጠሚያ መስመር ሊኖር ይችላል። ማግኔት ከሳበው ነገሩ አለቀ፤ ካልሳበው ግን ነሐስም መዳብም ስለማይሳቡ ገና ምንም አልተረጋገጠም። የምተማመንበት የውኃ ምዘና ነው። ውኃ ያለበትን ብርጭቆ ሚዛን ላይ አስቀምጠው ሚዛኑን ወደ ዜሮ ይመልሱ፤ ከዚያ ሳንቲሙን በክር አስረው የብርጭቆውን ግድግዳም ታቹንም ሳይነካ ውኃው ውስጥ ሙሉ በሙሉ ያንጠልጥሉት። 28.07 ግራም የሚመዝን እውነተኛ ብር ሚዛኑን ወደ 2.75 ግራም ያደርሰዋል። ያው ክብደት ያለው ነሐስ 3.3 ገደማ ያሳያል። ማንጠልጠያ የተበየደበትን ሳንቲም ግን በዚህ መንገድ መፈተን አይቻልም፤ ብየዳው ስሌቱን ያዛባል፣ የሰብሳቢ ዋጋውንም ይቀንሳል።

ከገዙ በኋላ አያጽዱት። እኔ በጀማሪነቴ ያገኘሁትን የምኒልክ አላድ በሎሚና በአመድ ፈትጌ እንደ መስታወት አበራሁት፤ ከአንበሳው ጋማ ላይ የነበረው ጥቁር ጥላ ሲጠፋ ዝርዝሩም አብሮ ጠፋ፤ ያየው ሰብሳቢ ሁሉ በብሩ ክብደት ብቻ ዋጋ ሰጠኝ። ጭቃ ካለበት ለብ ባለ ውኃ ነክረው ሳይፈትጉ በለስላሳ ጨርቅ ጠቅ ጠቅ በማድረግ ያድርቁት፤ ሁልጊዜም በጠርዙ ይያዙት። ለብቻው በወረቀት ፖስታ ያኑሩት እንጂ በላስቲክ አያስሩት፤ ጎማ ብርን ያጠቁራል።

መሠረት ሲቆፈር ወይም ሲታረስ ከመሬት የወጣ ጥንታዊ ሳንቲም፣ በተለይም የአክሱም ነገሥታት ሳንቲም፣ የግል ስብስብ አይደለም፤ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ለቅርስ ባለሥልጣን ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣትም ክልክል ነው። በእያንዳንዱ ፖስታ ላይ የተገኘበትን ቦታ፣ ቀኑንና ሚዛኑ ያሳየውን ቁጥር በእርሳስ ይጻፉበት፤ የእስክሪብቶ ቀለም ከወረቀቱ ወደ ሳንቲሙ ሊተላለፍ ይችላል።