በቀኝ ጥግ ያለችው ጽሑፍ፦ የሙከራ ዊንዶውስ ችግሮችና መፍትሄያቸው

«ጋሼ፣ ሌላ ችግር የለበትም፤ ይቺን ጽሑፍ ብቻ አጥፋልኝ።»

እንዲህ የሚለኝ አብዛኛውን ጊዜ ተማሪ ነው። ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ግቢ ወይም ከኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ላፕቶፑን አዝሎ ይመጣና በጣቱ የስክሪኑን የታችኛውን ቀኝ ጥግ ያሳየኛል። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካበቃ ወዲህ ፒያሳ ወደምትገኘው የጥገና ክፍሌ ይህን ይዞ የሚመጣው ሰው በዝቷል። አዲሱን ቀድሞ ለማየት የጓጓውም፣ አሮጌ ማሽኑ አዲሱን አልቀበል ያለበትም፣ ገና ተፈትሾ ያላለቀውን የሙከራ እትም በፍላሽ እየተቀባበለ ይጭናል።

እኔ ጽሑፏን ሳላነብ ማሽኑን አልነካም። እዚያች ጥግ ላይ የሚወጡት ጽሑፎች ቢመሳሰሉም አንዱ የጊዜ ገደብ ነው፣ ሌላው የፈቃድ ጥያቄ። ይህን ባለመለየት ብቻ የመመረቂያ ጽሑፉን ያጣ ተማሪ አይቻለሁ። ስለዚህ ከምልክቱ እንነሳ።

ምልክት፦ በቀኝ ጥግ የማይጠፋ ጽሑፍ አለ

«ኢቫሉዌሽን ኮፒ» የሚልና ከጎኑ የቢልድ ቁጥር (የእትሙ መለያ) ያለው ከሆነ፣ የተጫነው የሙከራ እትም ነው። ይህ ጽሑፍ ከፈቃድ ጋር አይገናኝም። ኦርጅናል ፈቃድ ያለው፣ በትክክል አክቲቬት የሆነ (ፈቃዱ የተረጋገጠ) ማሽንም ሙከራ ላይ እስካለ ድረስ ይህን ያሳያል። ስለዚህ አክቲቬተር (ያለ ፈቃድ አክቲቬት የሚያደርግ ፕሮግራም) ቢጭኑበት፣ ቁልፍ ቢገዙለት ጽሑፏ አትሄድም፤ የምትሄደው ከሙከራው ሲወጡ ነው።

«አክቲቬት ዊንዶውስ» የሚል ከሆነ ጉዳዩ የፈቃድ ነው፤ ወደ ታች ወርጄ እመለስበታለሁ።

ሦስተኛዋ ደግሞ ማሽኑ የሲስተሙን መስፈርት አያሟላም የምትለው ናት። ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው ቲፒኤም 2.0 (የምስጢር ቁልፎችን የሚይዝ ቺፕ)፣ ሴኪዩር ቡት (ያልታመነ ሲስተም እንዳይነሳ የሚከለክል ጥበቃ)፣ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻ፣ በኢንቴል በኩል ደግሞ ከጥቂቶች በስተቀር ከ8ኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ያለ ፕሮሰሰር ነው። ይህን ተሻግሮ የተጫነ ማሽን ሊሰራ ይችላል፤ የሚቀጥለው ዝማኔ እንደሚሰራ ግን ማንም ዋስትና አይሰጥም። ኮር ቱ ዱዎ ላፕቶፕ ያላችሁ በተለይ ልብ በሉ፦ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው 24ኤች2 የሚባለው እትም እናንተ ማሽን ላይ ጨርሶ አይነሳም። ፕሮሰሰሩ እትሙ የሚጠይቀው ትእዛዝ በውስጡ ስለሌለ ፎርማት ማስደረግም አይረዳም፤ መፍትሄው የቆየ እትም ወይም ሊኑክስ የተባለው ነጻ ሲስተም ነው።

ምልክት፦ ኮምፒውተሩ በየጥቂት ሰዓቱ በራሱ ይጠፋል ወይም እንደገና ይነሳል

እዚህ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን ያለአግባብ የሚያወጣው በዚህ ነውና። ምልክቱ ሲታይ ሁሉም የሚጠረጥረው ሙቀትን ነው። ፋን ይጸዳል፣ ፔስት ይቀየራል፣ አንዳንዱም ራም ይገዛል። ደሴ ብርድ ነው፤ ጦሳ ሥር ጉም ውስጥ የተቀመጠ ላፕቶፕ ሥራ ፈትቶ ሳለ በየተወሰነ ሰዓት እየቆጠረ በሙቀት አይጠፋም። በሰዓት የሚጠፋ ነገር ሰዓት የሚቆጥር ነገር አለበት።

ምክንያቱ የሙከራ እትም የሚያበቃበት ቀን ውስጡ ተጽፎበት የሚወጣ መሆኑ ነው። አሠራሩ አዲስ አይደለም። የዊንዶውስ 7 ቤታ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2009 ለሕዝብ ተለቀቀ፤ ከጁላይ 1 ጀምሮ በየሁለት ሰዓቱ መጥፋት ጀመረ፣ ኦገስት 1 ላይ ጊዜው አለቀ። ቀጥሎ የወጣው የሙከራ እትምም ከማርች 1 ቀን 2010 ጀምሮ እንዲሁ በየሁለት ሰዓቱ ይጠፋ ነበር፤ ጁን 1 ላይ አበቃ። የዛሬዎቹም ጊዜያቸው ሲያልፍ መጀመሪያ ያስጠነቅቃሉ፣ ከዚያ ደጋግመው ይነሳሉ፣ በመጨረሻም ጭራሽ አልነሳም ይላሉ። አምራቹ ይህን የሚያደርገው ሙከራው በነጻ ለዘለዓለም የሚሰራ ቅጂ ሆኖ እንዳይቀር ነው፤ ጉድለቱ በኋላ ተስተካክሎ ሳለ በቆየው እትም ላይ ቅሬታ እንዳይመጣበትም ነው። ሁለቱንም ተገቢ አድርጌ አየዋለሁ። ቅር የሚለኝ ፍላሹን የሚያቀብለው ሰው ቀኑን አለመናገሩ ነው።

ለማረጋገጥ የዊንዶውስን ቁልፍና አር ፊደልን አብራችሁ ተጫኑ፤ በሚከፈተው ሳጥን «ዊንቨር» ብላችሁ በላቲን ፊደል ጻፉ። በምትመጣው ትንሽ መስኮት የማብቂያ ቀን ካለ፣ የሙከራ እትም ላይ ናችሁ።

መፍትሄው እንደ ቀኑ ይለያያል። ቀኑ ገና ከሆነና ሙከራው ከተጫነ 10 ቀን ካልሞላው፣ ሴቲንግስ ውስጥ ሲስተም፣ ከዚያ ሪከቨሪ ገብታችሁ ወደ ቀድሞው እትም መመለስ ይቻላል። ይህ የሚሆነው ግን የድሮው ሲስተም ያለበት ፎልደር ካልተሰረዘ ነው፤ ቦታ ለማስለቀቅ ብላችሁ «ዊንዶውስ ኦልድ» የሚለውን አትንኩት። 10 ቀኑ ካለፈ በየትኛው የሙከራ መስመር (ቻናል) እንዳላችሁ እዩ። ቤታ ወይም ሪሊዝ ፕሪቪው ላይ ያለ፣ በኢንሳይደር ፕሮግራም (የማይክሮሶፍት የሙከራ ፕሮግራም) ገጽ ላይ የሚቀጥለው መደበኛ እትም ሲወጣ ከሙከራው እንዲወጣ መምረጥ ይችላል። ዴቭና ካናሪ ላይ ያለ በተለምዶ ከባዶ ከመጫን ሌላ መንገድ የለውም።

ቀኑ አልፎ ማሽኑ አልነሳም ካለ ቶሎ ፎርማት አታስደርጉ። ኡቡንቱ የተባለው ሊኑክስ ያለበት ፍላሽ ሰክታችሁ በእሱ አስነሱት፤ ዲስኩ ካልተመሰጠረ ፋይላችሁን ወደ ውጭ ዲስክ ገልብጣችሁ ማውጣት ትችላላችሁ። ከዚያ በኋላ መደበኛውን እትም ከባዶ ጫኑ። ሰዓቱን ወደ ኋላ መልሶ ማታለልን እንደ መፍትሄ የሚነግሯችሁ አሉ። ለአንድ ቀን ቢሠራ እንኳ ኢንተርኔቱን ያበላሸዋል፤ ለምን እንደሆነ ስለ ሰዓት በምጽፍበት ቦታ ታዩታላችሁ።

ሳልረሳው፦ የሙከራ እትም ዝማኔ ቶሎ ቶሎ ይመጣል፣ አንዳንዱም ብዙ ጊጋባይት ነው። ከስልካችሁ ሆትስፖት የምትጠቀሙ ከሆነ ግንኙነቱን «ሜተርድ» (በገደብ የሚቆጠር) አድርጉት፤ አለዚያ የወሩ ፓኬጅ በአንድ ሌሊት ያልቃል።

ምልክት፦ «አክቲቬት ዊንዶውስ» ይላል፣ ወይም አክቲቬት ሆኖ ከወራት በኋላ ይመለሳል

በመጀመሪያ አንድ የተሳሳተ ወሬ ላጥራ። ሙከራ የጫነ ሰው ነጻ ፈቃድ ያገኛል ይባላል፤ የሙከራ እትም ግን የፈቃድ ምንጭ አይደለም። ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. በጁላይ 2015 ሊወጣ ሲል ይኸው ወሬ በዓለም ዙሪያ ተናፍሶ ነበር፤ ማይክሮሶፍትም ነጻው ሽግግር ኦርጅናል ዊንዶውስ 7 ወይም 8.1 ለነበራቸው እንደሆነ ግልጽ ማድረግ ነበረበት። ዛሬም እንደዚያው ነው። ከሙከራው በፊት የነበረው ዊንዶውስ ፈቃድ ከሌለው ሙከራው ፈቃድ አይፈጥርለትም።

አሁን ወደ ላፕቶፑ። እኛ አካባቢ ብዙው ማሽን ያገለገለ ነው፤ እህት ከጅዳ የላከችው፣ ዘመድ ከዱባይ ይዞት የመጣው። ከዊንዶውስ 10 ወይም 11 ጋር የተሸጠ ላፕቶፕ ደግሞ የፈቃድ ቁልፉን ማዘርቦርዱ ውስጥ ይዞ ነው የሚመጣው። ቁልፉ ለአንድ ዓይነት እትም ብቻ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ለቤት ተጠቃሚ ለተሠራው ሆም። እዚህ ሲደርስ ግን ፎርማት ሲደረግ ለሥራ የተሠራው ፕሮ ይጫንበታል፣ ፕሮው ቁልፉን ስለማያውቀው «አክቲቬት» ይላል፣ ከዚያ ክራክ (ያው አክቲቬተር) ይጨመርበታል። ባለቤቱ የከፈለበትን ኦርጅናል ፈቃድ በኪሱ ይዞ የተሰረቀ ይጠቀማል ማለት ነው። እኔም በመጀመሪያ ዓመታቴ ይህን ሳላውቅ ለብዙ ሰው እንዲሁ አድርጌያለሁ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ክራክ መሆኑን ለማወቅ በዚያችው በዊንዶውስ ቁልፍና በአር በምትከፈተው ሳጥን፣ በላቲን ፊደል፣ ኤስ ኤል ኤም ጂ አር፣ ክፍት ቦታ፣ ስላሽ፣ ኤክስ ፒ አር ብላችሁ ጻፉ። ለዘለቄታው አክቲቬት ሆኗል ካለ ደህና ነው። ከ180 ቀን ያልበለጠ የማብቂያ ቀን ከሰጠ ግን፣ የድርጅቶች አሠራር የሆነውን የኬኤምኤስ መንገድ የሚያስመስል ነገር ተጭኗል። ይህ መንገድ የተሠራው ብዙ ኮምፒውተር ላለው መሥሪያ ቤት ነው፤ ማሽኖቹ በየጊዜው ወደ ድርጅታቸው ሰርቨር እየተመለሱ ፈቃዳቸውን ያድሳሉ። የግል ላፕቶፕ ላይ የሚታይበት ምክንያት የለም።

ፈቃዱን ትተን ስለ ደህንነቱ ብቻ ብናወራ እንኳ፣ አክቲቬተር ገና ሲጀምር «ዲፌንደርን (የዊንዶውስን ጸረ ቫይረስ) አጥፉ» ነው የሚለው። ለማታውቁት ሰው የቤታችሁን በር ከፍታችሁ ዘበኛውንም አሰናበታችሁት ማለት ነው። የባንክ መተግበሪያ፣ የኢሜይል ይለፍ ቃል፣ የቤተሰብ ፎቶ ያለበት ማሽን ላይ ይህን አታድርጉ።

መፍትሄው ለብዙው ሰው ያለ ወጪ ነው፦ ፋይላችሁን አውጡና ላፕቶፑ ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን እትም፣ ሆም ከሆነ ሆምን፣ ከባዶ ጫኑ፤ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ አክቲቬት ይሆናል። ማዘርቦርዱ ተቀይሮ ከሆነ ግን አሮጌው ቁልፍ አብሮ ሄዷል። ፈቃዱ በችርቻሮ የተገዛና ቀድሞ ከማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ጋር የተያያዘ ከሆነ፣ አክቲቬሽን ገጹ ላይ ትራብልሹት ብላችሁ በቅርቡ ዕቃ ቀይሬያለሁ የሚለውን ምረጡ። ከላፕቶፑ ጋር የመጣ ፈቃድ ግን ወደ ሌላ ማሽን አይሻገርም።

ምልክት፦ አክቲቬትም ዝማኔም እምቢ ይላል፣ ድረ ገጹም ሁሉ «አደገኛ ነው» ይላል

ሰዓቱን እዩ። ከልቤ ነው የምላችሁ፣ ከምንም በፊት ሰዓቱን እዩ።

የእኛ ዓመት ከፈረንጆቹ በ7 ወይም በ8 ዓመት ወደ ኋላ ነው። ኮምፒውተሩ ቀኑ ሲጠፋበት አንድ ሰው በቅንነት የኛን ዓመት ይሞላበታል፤ 2018 ብሎ። ለኮምፒውተሩ ግን ያ ቀን እውነተኛ ያለፈ ዘመን ነው። የድረ ገጾች የምስክር ወረቀት ከዚያ ቀን በኋላ የተሰጠ በመሆኑ «ገና አልጸናም» ብሎ ይጥለዋል፤ የፈቃድ ሰርቨሩንም በዚያው ምክንያት አያምነውም። ሰዓቱም ላይ እንዲሁ ነው፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓትን 3፡00 ብሎ የሞላ ሰው ስድስት ሰዓት ስቷል።

ቀኑ መጀመሪያውኑ ለምን ይጠፋል? የማዘርቦርዱ ትንሽ ክብ ባትሪ ሲደክም ነው። መብራት በሄደ ቁጥር ዴስክቶፑ ቀኑን ይረሳል። ባትሪዋ ርካሽ ናት፣ የሰዓት ጥገና ቤቶችም ይሸጧታል፤ ቁጥሯ 2032 የሚለውን አይታችሁ ቀይሩ። ከዚያ ዓመቱን በፈረንጆች አቆጣጠር በእጃችሁ አስተካክሉ፣ የሰዓት ክልሉን ናይሮቢ የሚለው ላይ አድርጉ (የኛም ሰዓት እሱ ነው)፣ በመጨረሻ ከኢንተርኔት ጋር እንዲያመሳስል እዘዙት።

ምልክት፦ ፊልሙ በላፕቶፑ ይታያል፣ በፕሮጀክተር ግን ጥቁር ነው

ይህ የቅጂ ጥበቃ ነው፤ ኤችዲሲፒ ይባላል፣ ያበለጸገው ኢንቴል ነው። ክፍያ ያለበት ፊልም በኬብሉ ውስጥ ሲያልፍ ማያው ይህን ጥበቃ ካላወቀ ምስሉ ይታገዳል። አሮጌው የቪጂኤ ኬብል ጨርሶ አያውቀውም፣ ርካሽ መቀየሪያዎችም እንዲሁ። በቀጥታ በኤችዲኤምአይ አገናኙ። ሙከራ እትም ላይ ከሆናችሁ ደግሞ የግራፊክስ ድራይቨሩ (ሲስተሙን ከዕቃው ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም) ከማሽኑ አምራች የመጣው መሆኑን አረጋግጡ።

ምልክት፦ የቆየው ሶፍትዌር አልከፍት አለ

በሲዲ የሚጫወቱ የድሮ ጌሞች ከሆኑ ብዙ አትድከሙ። ሴፍዲስክ የሚባለውን የሲዲ ጥበቃ ዊንዶውስ 10 ከመጀመሪያው አልደገፈውም፤ የደህንነት ክፍተት ነበረበትና። በዩኤስቢ ቁልፍ የሚከፈት የሒሳብ ወይም የዲዛይን ፕሮግራም ከሆነ ግን ተስፋ አለ፦ አዲሱ ሲስተም «ሜሞሪ ኢንተግሪቲ» በሚባለው ጥበቃ አሮጌ ድራይቨር ስለሚያግድ፣ ጥበቃውን ከማጥፋት ይልቅ የቁልፉን አዲስ ድራይቨር ከአምራቹ አውርዱ። በኒያላ ፎንት የተጻፈ ሰነዳችሁ መልኩ ተቀይሮ ካገኛችሁት ደግሞ ፋይሉ አልተበላሸም፤ ኦፕሽናል ፊቸርስ ውስጥ የኢትዮጵያ ፊደል ተጨማሪ ፎንቶችን ጫኑ።

ምልክት፦ ሰማያዊ ስክሪን 48 አሃዝ ቁጥር ይጠይቃል

ዲስኩ በቢትሎከር፣ በዊንዶውስ የዲስክ ማመስጠሪያ፣ ተመስጥሯል። በማይክሮሶፍት አካውንት ገብተው ከባዶ የሚጭኑት ብዙ አዲስ ማሽን ይህን ሳይጠይቅ ያበራዋል። ሰዎች ሙከራ ለመጫን ብለው ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥ ገብተው ሴኪዩር ቡትን ሲያጠፉ ወይም ቲፒኤሙን ሲያጸዱ፣ ማሽኑ የተሰረቀ መስሎት ቁልፉን ይጠይቃል። ባዮስ ከመንካታችሁ በፊት ሴቲንግስ ውስጥ «ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን» በርቶ እንደሆነ አይታችሁ ቁልፉን ወረቀት ላይ ጻፉ።

ካለፈ በኋላ ከሆነ፣ ቁልፉ ማሽኑ መጀመሪያ በተከፈተበት አካውንት ውስጥ ነው የሚገኘው። ባለፈው አንዲት እናት ከኮምቦልቻ ልጃቸው ከጅዳ የላከችውን ላፕቶፕ ይዘው በሐረጎ በኩል ወጡ። የጎረቤት ልጅ ሙከራ ሊጭንላቸው ሞክሮ ነበር። «አብሽሩ እናቴ» አልኳቸውና በኢሞ ልጅቷን አገኘናት። አካውንቷ ውስጥ ገብታ፣ ከመሣሪያዎቿ ዝርዝር ቁልፉን አውጥታ፣ ስድስት ስድስት አሃዙን ስምንት ጊዜ አነበበችልን፤ እናቷ እየደገሙ፣ እኔ እየጻፍኩ። ተከፈተ። አካውንቱ የማይታወቅ ቢሆን ኖሮ ዲስኩን ከመደምሰስ ሌላ የማደርገው አልነበረም፤ ፎቶዎቹም አብረው ይሄዱ ነበር።