በአዲስ አበባ ዳር የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዴት ይመረጣል?

እንደ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳና ቂሊንጦ ባሉ ሰፈሮች ወላጅ ትምህርት ቤት የሚመርጠው አብዛኛውን ጊዜ በቅርበት ነው። በቅርብ ሁለት ካሉ ደግሞ ሕንፃው ያማረው ይመረጣል። ኮንዶሚኒየም በተሠራበት ሰፈር ግን ትምህርት ቤቱም አብሮ የተሠራ ስለሆነ ከቀለሙና ከመስታወቱ ብዙ የሚታወቅ ነገር የለም። ማጣራት ያለብዎት ሁለት ነገር ነው፤ መምህሩ በሰዓቱ ክፍል ይገባል ወይ? ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰ ልጅስ ያነባል ወይ? ለዚህ ሁለት ጠዋትና የአንድ ጎረቤት ልጅ ደብተር ይበቃል።

ነሐሴ ላይ የሚሄድ ወላጅ የሚያየው ባዶ ግቢ ነው። መስከረምም አያስተማምንም፤ ዳር ሰፈር ላይ ቤት የደረሳቸውና ተከራዮች ዓመቱን ሙሉ ስለሚገቡ በመስከረም 45 የነበረው ክፍል ኅዳር ላይ 60 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ልጁ 7 ዓመት ሞልቶት አንደኛ ክፍል ከሚገባበት መስከረም በፊት ባለው ዓመት፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት አጋማሽ ባለው ጊዜ ይሂዱ። ሰኔ የፈተና ወር ነው፤ ማስተማሩ አይታይም።

በወሰን አካባቢ የሚኖሩ ደግሞ ከሁሉ አስቀድመው ትምህርት ቤቱ ተጠሪነቱ ለአዲስ አበባ ትምህርት ቢሮ ይሁን ለኦሮሚያ ያረጋግጡ። የሁለቱ ወሰን በ2014 ዓ.ም. ከተካለለ በኋላ አንዳንድ ሰፈር ወዲያ፣ አንዳንዱ ወዲህ ሆኗል። የማስተማሪያ ቋንቋው፣ መጽሐፉና ፈተናው በዚህ ይወሰናል። አዲስ አበባ ውስጥም በአማርኛ የሚያስተምሩና በአፋን ኦሮሞ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ስላሉ በየትኛው እንደሚመዘገብ ይጠይቁ።

የመጀመሪያው ጠዋት ለመንገዱ ይሁን። ልጁን ይዘው በራሱ እርምጃ ይሂዱ፤ ለእርስዎ 15 ደቂቃ የሆነው ለእሱ 25 ሊደርስ ይችላል። ስንት ጊዜ አስፋልት እንደሚሻገር ይቁጠሩ። ሲኖትራክ አሸዋና ድንጋይ የሚያመላልስበት መንገድ ከሆነ ቅርበቱ ብቻ ምክንያት አይሁንዎት። በጋ ላይ አቧራ የሆነው አቋራጭ በክረምት ጭቃ ወይም ወንዝ እንደሚሆንም አይርሱ፤ መስከረም ገና ዝናብ አለ።

በሁለተኛው ጠዋት ደወሉ ከመደወሉ 15 ደቂቃ በፊት በሩ አጠገብ ይቁሙ። መምህራኑ ከልጆቹ ቀድመው ነው የሚገቡት ወይስ ከሰልፍ በኋላ? ዳር ላይ የሚያስተምር መምህር ብዙ ጊዜ ቤቱ ሌላ ሰፈር ነው፤ የታክሲና የአውቶቡስ ሰልፍ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ይበላዋል። ከቻሉ ሰኞ ወይም ዓርብ ይምረጡ፤ መቅረት ካለ በእነዚህ ቀናት ይታያል። ከደወሉ 10 ደቂቃ በኋላ ግቢ ገብተው መምህር የሌለባቸውን ክፍሎች ይቁጠሩ፤ ጫጫታው ራሱ ይነግርዎታል። ከ20 ክፍል አንዱ ወይም ሁለቱ መምህር ባይኖራቸው ሕመም ወይም ሐዘን ሊሆን ይችላል። አምስት ከሆኑ ልማድ ነው።

ቀጥሎ ርዕሰ መምህሩ ወይም ምክትላቸው ጋ ይግቡ። «ትምህርት ቤታችሁ ጥሩ ነው?» ብሎ የጠየቀ «በጣም!» የሚል መልስ ይዞ ይወጣል። ቁጥር ይጠይቁ፤ አንደኛ ክፍል ስንት ክፍል አለ? በአንዱ ውስጥ ዛሬ ስንት ልጅ ተቀምጧል? በፈረቃ ነው ወይስ ሙሉ ቀን? ባለፈው ዓመት ስንት መምህር በዝውውር ሄደ፣ ምትኩስ ስንት ሳምንት ፈጀ? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ለዳር ሰፈር ከሁሉ ይበልጣል። ጥሩ መምህር ይመጣል፤ የትራንስፖርቱና የቤት ኪራዩ ነገር ሲያማርረው ዝውውር ሞልቶ ይሄዳል፤ ልጁ በአንድ ዓመት ሁለት ሦስት መምህር ያያል።

ስለ ክፍል ብዛት፣ ለአንደኛ ደረጃ የሚጠቀሰው መለኪያ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ነው። የተነገረዎትን ቁጥር ብቻ አይመኑ፤ በመስኮት አይተው ዴስኩን ይቁጠሩ። ለሦስት ልጅ የተሠራ ዴስክ ላይ አራት ከተቀመጡ ሒሳቡ ግልጽ ነው። ቁጥሩ ለምን እንደሚያሳስብ በቀላሉ ይታያል፤ መምህሩ ለአንድ ደብተር ግማሽ ደቂቃ ቢሰጥ 50 ደብተር 25 ደቂቃ ይወስዳል፣ 75 ደብተር ደግሞ ከ37 ደቂቃ በላይ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ክፍሉ ሲሞላ መጀመሪያ የሚቀረው እርማት ነው።

የኢንስፔክሽን ደረጃውንም ይጠይቁ። ትምህርት ቤቶች በግብዓት፣ በሂደትና በውጤት ተመዝነው ከ1 እስከ 4 ደረጃ ይሰጣቸዋል፤ ደረጃ 3 መስፈርቱን ያሟላ ማለት ነው፣ 1 እና 2 ያላሟላ። ደረጃ 2 ስለሆነ ብቻ ግን አይሽሹ። ቤተ መጻሕፍትና ቤተ ሙከራ ስለጎደለው ዝቅ ያለ፣ ታች ክፍሎች ላይ ግን ጠንካራ መምህራን ያሉት ሊሆን ይችላል። የትኛው ላይ ነጥብ እንዳጣ ይጠይቁ፤ በሂደት ከሆነ፣ ማለትም በማስተማሩ፣ ያ ያሳስባል። የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ፈተና ውጤትም ለአንደኛ ክፍል ልጅ ብዙ አይነግርም፤ በየዓመቱ ተዛውረው የሚገቡት ብዙ ስለሆኑ ውጤቱ የሌላ ትምህርት ቤት ሥራ ሊሆን ይችላል።

ወደ ደብተሩ እንምጣ። እዚያ የሚማር የሁለተኛ ወይም የሦስተኛ ክፍል ልጅ ከጎረቤት ይፈልጉና የአማርኛና የሒሳብ ደብተሩን ከወላጁ ጋር ይመልከቱ። ቀኖቹን ይከተሉ፤ በሳምንት ስንት ጊዜ ተጽፏል? ሁለትና ሦስት ሳምንት ባዶ ከሆነ ልጁ ቀርቶ ነው ወይስ መምህሩ? ቀዩ እስክሪብቶ «ራይት» ብቻ ነው የሚያደርገው ወይስ ስህተቱን አርሞ ልጁ ደግሞ እንዲጽፈው አድርጓል? በተሳሳተ መልስ ላይ ራይት ካዩ እርማቱ ለይስሙላ ነው።

ከዚያ ልጁን ያስነብቡ። ደብተሩ በቆንጆ ጽሕፈት የተሞላ ልጅ ከሰሌዳ እየገለበጠ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሀ ሁ ሂ ብሎ በዜማ የሚወርድ ልጅም ፊደል ለይቷል ማለት አይደለም፤ ዜማውን ይዞት ነው። ስለዚህ ተራውን ትተው ከመሐል «ሙ»ን፣ «ቼ»ን፣ «ጥ»ን በጣት ያሳዩት። በተለይ ሰ እና ሸ፣ ነ እና ኘ፣ ደ እና ጀ፣ ጠ እና ጨ ላይ ይሞክሩት፤ የሚምታቱት እነዚህ ናቸው። በመጨረሻ ከሁለተኛ ክፍል አማርኛ መጽሐፍ ያልተማረውን ገጽ ገልጠው አንድ አንቀጽ ያንብብና ምን እንደሆነ ይንገርዎ። ሦስት ልጆች ቢሞክሩ የተሻለ ነው፤ አንዱ በቤት ውስጥ አስጠኚ ሊኖረው ይችላል። (ልጁን ፈተና ላይ ያለ እንዳይመስለው አድርጉ፤ የሚፈተነው እሱ አይደለም።)

መጽሐፍ ለልጁ ለብቻው ደርሶት ወደ ቤት ይዞ እንደሚመጣ ወይም በሦስት አንድ እንደሚካፈሉ በዚያው ይጠይቁ።

መጸዳጃ ቤቱን ሳያዩ አይውጡ። የሴትና የወንድ ተለይቷል? በሩ ይዘጋል? ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቧንቧ መኖሩ ምንም አይደለም፤ ሮቶ አለ ወይ፣ ሞልቷል ወይ ነው ጥያቄው። የትምህርት ቤት ምገባ በከተማው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ስላለ ምግቡ ራሱ ብዙም አያስጨንቅም፤ የሚያስጨንቀው ሰልፉ ነው። ቁርስ ተጨርሶ ትምህርት ስንት ሰዓት እንደሚጀመር ይመልከቱ።

የመንግሥት ትምህርት በነፃ ነው። መዋጮ ከተጠየቁ በወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረት የተወሰነ መሆኑን ይጠይቁ፤ ደረሰኝም ይቀበሉ። ከኅብረቱ አባላት አንዱን ማግኘት ከቻሉ ርዕሰ መምህሩ ያልነገሩዎትን እሳቸው ያወሩታል።

ሁለት ትምህርት ቤት እኩል ከሆኑብዎት በአንደኛና በሁለተኛ ክፍል የቆየ መምህር ያለበትን ይምረጡ። ከዚያ የልጁን የልደት ምስክር ወረቀት፣ የእርስዎን መታወቂያና የልጁን ፎቶግራፍ አዘጋጅተው ምዝገባው በተከፈተ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይሂዱ፤ ሌላ ምን እንደሚጠየቅ በር ላይ ከሚለጠፈው ማስታወቂያ ያንብቡ። ትምህርት ከጀመረ በኋላ ኅዳር ላይ ተመልሰው የልጅዎን ክፍል ይቁጠሩ። ቁጥሩ ካበጠ ከሌሎች ወላጆች ጋር ሆነው ክፍል እንዲከፈል በጽሑፍ ይጠይቁ። ማዛወር የግድ ከሆነም የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ሲያልቅ፣ መሸኛና የውጤት ካርድ ይዘው ይሁን።