«ጌት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ደረጃ በደረጃ እንዴት መልመድ ይቻላል?

«ጌት» ማለት «አገኘ» ነው ብለን በደብተራችን ጽፈን ያለፍን ብዙ ነን። ትርጉሙ ትክክል ነው፤ የሚያገለግለው ግን ለጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ነው። «አይ አም ጌቲንግ ኮልድ» የሚል ሰው ያገኘው ነገር የለም፤ እየበረደው ነው። «ጌት ኦፍ ዘ በስ» የሚል ሾፌርም ተሳፋሪው እንዲወርድለት ነው የፈለገው። በጂ፣ በኢ እና በቲ የሚጻፈው ይህ አጭር ቃል ከ9ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ ከሰፈሩት ቫይኪንጎች ቋንቋ የተወረሰ ነው። ዛሬ እንግሊዝኛ በሚነገርበት ቦታ ሁሉ፣ በተለይ ሰዎች ዘና ብለው ሲጨዋወቱ፣ ደጋግሞ ይሰማል። በደህና እንግሊዝኛ ቃለ መጠይቅ አልፎ የተቀጠረ ሰው በምሳ ሰዓት የባልደረቦቹ ጨዋታ የሚያመልጠው አብዛኛውን ጊዜ በእንዲህ ያሉ ትናንሽ ቃላት ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ።

ትርጉሞቹን ዘርዝሮ መሸምደድን አልመክርም። የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች «ራን» (ሮጠ) ለሚለው ግስ ብቻ 645 ትርጉሞች ቆጥረዋል፤ «ጌት»ም ከዚያው ወገን ነው። እንዲህ ያለውን ዝርዝር በቃሉ የሚይዝ የለም፤ እንግሊዞቹም አልያዙትም። እኛስ «ያዘ»ን እንዴት ለመድነው? ታክሲ ያዝኩ፣ ጉንፋን ያዘኝ፣ ሥራ ያዘ፣ ፖሊስ ያዘው፣ ዝናብ መንገድ ላይ ያዘን እንላለን። ትርጉሙን የሚነግረን ከጎኑ የቆመው ቃል ነው። «ጌት»ም የሚፈታው በዚሁ መንገድ ነው፤ ዓይናችንን ከእሱ አንስተን ከእሱ ቀጥሎ በሚመጣው ላይ ማሳረፍ አለብን።

ደረጃ 1፦ ደብተር ያዘጋጁ

አንድ ገጽ በአምስት ረድፍ ይክፈሉ። ለረድፎቹ «ዕቃ ወይም ነገር»፣ «ሁኔታ»፣ «ቦታ»፣ «የድርጊት ቃል» እና «ትንሽ ቃል» የሚል ስም ይስጧቸው። በሥራ ቦታ፣ በፊልም ወይም በዜና «ጌት» ያለበት ዓረፍተ ነገር በሰሙ ቁጥር ሙሉውን ዓረፍተ ነገር ከነቀጣዩ ቃል በሚስማማው ረድፍ ይጻፉ። ቃሉን ብቻውን አይጻፉት፤ ብቻውን ምንም አይነግርዎትም። የተጠራጠሩትን የሎንግማን ወይም የኦክስፎርድ የተማሪዎች መዝገበ ቃላት ድረ ገጽ ላይ ያመሳክሩ። ሁለቱም በነጻ የሚገኙ ናቸው፤ ምሳሌዎቻቸውም ቀላል ናቸው።

ደረጃ 2፦ ነገር ሲከተለው

ቀላሉ ይህ ነው። («ጎት» የ«ጌት» ያለፈ ጊዜ ነው።) «አይ ጎት ኤ ጆብ» ሥራ አገኘሁ ወይም ሥራ ያዝኩ፤ «አይ ጎት ኤ ኒው ፎን» አዲስ ስልክ ገዛሁ፤ «አይ ጎት ዮር ሌተር» ደብዳቤህ ደረሰኝ፤ «ጌት ሚ ሰም ዎተር» ውኃ አምጣልኝ፤ «አይ ጎት ዘ ፍሉ» ጉንፋን ያዘኝ። በሁሉም ውስጥ አንድ ነገር ወደ ሰውዬው ይመጣል። እንዴት እንደመጣ የሚነግረን የነገሩ ዓይነት ነው፦ ስልክ ይገዛል፣ ደብዳቤ ይደርሳል፣ ጉንፋን ይይዛል።

ደረጃ 3፦ ሁኔታ ሲከተለው

ቀጣዩ ቃል እንደ «ታየርድ»፣ «ዳርክ»፣ «ሲክ»፣ «ኦልድ» ያለ ገላጭ ከሆነ «ጌት» ለውጥን ያሳያል። «ኢት ኢዝ ጌቲንግ ዳርክ» እየመሸ ነው፤ «ሂ ጎት ሲክ» ታመመ፤ «አይ አም ጌቲንግ ኦልድ» እያረጀሁ ነው። አማርኛ ለዚህ ተጨማሪ ቃል አያስፈልገውም፤ ለውጡ በግሱ ውስጥ አለ። «አይ አም ታየርድ» አሁን ያለሁበትን ድካም ሲናገር፣ «አይ አም ጌቲንግ ታየርድ» ድካሙ እየመጣ መሆኑን ይናገራል።

ደረጃ 4፦ ቦታ ሲከተለው

«አይ ጎት ሆም» ቤት ገባሁ፣ «አይ ጎት ቱ ዘ ኤርፖርት» አውሮፕላን ማረፊያ ደረስኩ። ከ«ሆም»፣ ከ«ሂር» እና ከ«ዜር» በፊት «ቱ» አይገባም፤ ከሌላ ቦታ ስም በፊት ግን ይገባል። እዚህ ላይ አማርኛችን ጥሩ መንገድ ይሰጠናል። እኛ «ቤት ገባሁ» እና «ነገሩ ገባኝ» ስንል በአንድ ግስ ነው የምንጠቀመው። እንግሊዝኛም «አይ ጎት ሆም» እና «አይ ጌት ኢት» ሲል ሁለቱን በአንድ ግስ ይናገራል።

ደረጃ 5፦ የድርጊት ቃል ሲከተለው

ብዙ ተማሪ የሚደናገረው እዚህ ስለሆነ ጊዜ ይስጡት። ቁልፉ በአማርኛ ግስ መጀመሪያ ላይ በሚመጡት «ተ» እና «አስ» ውስጥ ነው።

«ሂ ጎት ፋየርድ» ከሥራ ተባረረ። «ሺ ጎት ፔይድ» ተከፈላት። «ዘይ ጎት ሜሪድ» ተጋቡ። «ዘ ዊንዶው ጎት ብሮክን» መስኮቱ ተሰበረ። አማርኛው ሁሉ በ«ተ» እንደሚጀምር ልብ ይበሉ። ከ«ጌት» በኋላ ያለቀ ድርጊትን የሚያሳይ ቃል ወዲያው ከመጣ «ተ»ን ያስቡ።

በመካከል አንድ ነገር ከገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። «አይ ጎት ማይ ካር ፊክስድ» መኪናዬን አስጠገንኩ፤ «አይ ጎት ማይ ሹዝ ክሊንድ» ጫማዬን አስጠረግኩ ማለት ነው። ይህ «አስ» ነው። ጋራዥ ወስደው ያሠሩትን መኪና «አይ ፊክስድ ማይ ካር» ካሉ ሰሚው እጅጌዎን ሰብስበው ራስዎ የጠገኑት ይመስለዋል። በመካከል የገባው ሰው ከሆነ ደግሞ «ቱ» ይጨመራል፦ «አይ ጎት ማይ ብራዘር ቱ ኮል ዘም» ወንድሜ እንዲደውልላቸው አደረግኩ። አግባብቶም ሆነ ለምኖ ያስደወለ ሰው እንዲህ ይላል።

ደረጃ 6፦ ትናንሾቹ ቃላት

እንደ «አፕ»፣ «ኦፍ»፣ «ኦቨር»፣ «ባይ» ያሉ ትናንሽ ቃላት ሲከተሉት «ጌት» የራሱን ትርጉም ለእነሱ ይለቅላቸዋል። የእኛ «አለ»ም እንዲሁ ነው፦ «ብድግ አለ»፣ «ዝም አለ» ስንል ምንም የተባለ ነገር የለም። ስለዚህ ሁለቱን ቃላት እንደ አንድ ቃል ይጻፏቸው።

ከመጓጓዣ ይጀምሩ፤ በየቀኑ ይጠቅማል። ቆመው ሊሄዱበት ለሚችሉት ለአውቶቡስ፣ ለባቡር እና ለአውሮፕላን «ጌት ኦን» ተሳፈረ፣ «ጌት ኦፍ» ወረደ ይባላል። ለመኪና እና ለታክሲ «ጌት ኢን» እና «ጌት አውት» ነው። ከዚያ «ጌት አፕ» ተነሣ፣ «ጌት አሎንግ» ተስማማ፣ «ጌት አዌይ ዊዝ» ሳይቀጣ አመለጠ፣ «ዊ ጌት ባይ» እንደምንም ኑሮን እንገፋለን የሚሉትን ይጨምሩ።

«ጌት ኦቨር» ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ሺ ጎት ኦቨር ዘ ፍሉ» ከጉንፋኑ ዳነች ማለት ነው፤ ችግር የለበትም። «ጌት ኦቨር ኢት» ተብሎ በትእዛዝ ሲነገር ግን «በቃ እርሳው» ማለት ስለሆነ ኀዘን ወይም ቅሬታ ያለበትን ሰው ይጎዳል። እኛ «እግዜር ያጽናችሁ» በምንልበት ቦታ ፈጽሞ አይባልም።

እነዚህን ሲለማመዱ ጆሮዎን ያሠልጥኑ። አሜሪካኖች በሁለት አናባቢዎች መካከል ያለውን «ት» ወደ «ር» የሚቀርብ ድምፅ ስለሚያደርጉት «ጌት አፕ» እንደ «ጌራፕ»፣ «ጌት ኢት» እንደ «ጌሪት» ይሰማል። ቃሉን በወረቀት አሳምሮ የሚያውቅ ሰው በስልክ የማይሰማው ለዚህ ነው።

ደረጃ 7፦ ዕድልና ግዴታን ይለዩ

«ላስት ይር አይ ጎት ቱ ሲ ማይ ማዘር» ያለ ሰው ባለፈው ዓመት እናቱን ለማየት በቅቷል፤ ደስታውን እየነገረን ነው። «አይ ሃቭ ጎት ቱ ሲ ማይ ማዘር ቱሞሮ» ያለ ደግሞ ነገ የግድ ሊያያት ይገባል። በፈጣን ንግግር «ሃቭ» ስለሚዋጥ ሁለቱ ይመሳሰላሉ፤ የሚለያቸው ጊዜው ነው። ያለፈ ከሆነ ዕድል፣ ወደፊት ከሆነ ግዴታ አድርገው ይውሰዱት።

በዚሁ አጋጣሚ፦ አሜሪካ ውስጥ «አይ ሃቭ ጎት» አለኝ፣ «አይ ሃቭ ጎተን» አግኝቻለሁ ወይም ሆኛለሁ ማለት ነው። ብሪታንያ ውስጥ «ጎተን» ብዙም አይሰማም። ስህተት ግን አይደለም፤ እንግሊዞች የተውት፣ አሜሪካኖች ያቆዩት የድሮ አነጋገር ነው።

ደረጃ 8፦ በጽሑፍ ይቆጥቡት

በማመልከቻ እና በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ «ጌት»ን ማብዛት ጽሑፉን የቡና ላይ ወሬ ያስመስለዋል። በደብዳቤ ተቀበልኩ ለማለት «ሪሲቭ»፣ ሆነ ለማለት «ቢካም»፣ ደረሰ ለማለት «አራይቭ» ይሻላል። ለጓደኛ በሚልኩት መልእክት ላይ ግን እነዚህን ከደረደሩ ንግግርዎ ይደርቃል።

ደረጃ 9፦ ራስዎን ይፈትኑ

የሚከተለውን ጮክ ብለው ያንብቡና ወደ አማርኛ ይመልሱት፦ «አይ ጎት ኦፍ ዘ በስ አት ናይን አንድ ጎት ሆም። አይ ጎት ሪሊ ታየርድ፣ ሶ አይ ጎት ማይ ሲስተር ቱ ሜክ ዲነር። ዜን አይ ጎት ኤ ኮል። ማይ ፍሬንድ ጎት ፕሮሞትድ።»

መልሱ፦ «ከምሽቱ 3 ሰዓት ከአውቶቡስ ወርጄ ቤት ገባሁ። በጣም ስለደከመኝ እራቱን እህቴን አሠራኋት። ከዚያ ስልክ ተደወለልኝ። ጓደኛዬ የደረጃ ዕድገት ተሰጣት።»